ወንዝ ያልተሻገረ ድምፅ

ኮልፌ፣ ኅዳር 20 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርቅዬ
ድሬዳዋ

ከእናትሽ ቀብር ያስቀረኝ ሰብስቤ ነው። የወለድሁት ልጄ ሰብስቤ። ጤናሽን ሳልጠይቅ በዚህ መጀመሬ ደግ አይደለም፤ ሌላውን ባስቀድም ግን ወረቀቱን ሳትጨርሺ ትጥይዋለሽ ብዬ ፈራሁ። ለጎረቤት በላክሽው ደብዳቤ የሁሉን ስም እየጠራሽ ሰላም ስትይ የእኔን ዘለልሽው አሉ። አልቀየምሁሽም። «ዓለም የጓደኛዋን የሰርኬን ሞት ሰምታ ቀረች» ብለው ከጻፉልሽ ምን ታደርጊ!

እስከ ዛሬ የእኔን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሰብስቤ ነበር። ይህን ግን እሱን ጻፍልኝ አልለውም። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ። ከእናትሽ ጋር በስተርጅና የማታ ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን የተማርነው ነው። እሷ ቶሎ ያዘችው፤ እኔ ስዘገይ በክርኗ እየጎሰመች ታስቀኝ ነበር።

የእድራችንን ጡሩምባ ነፊ ይመርን ታውቂዋለሽ። ሰው ሲሞት በማለዳ ተነስቶ በየደጁ እየነፋ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ሰው ካልወጣለት አጥሩን በዱላ ይቀጠቅጣል እንጂ አያልፍም። አምና ከጦር ኃይሎች በኩል ያለው እድር ድምፅ ማጉያ ገዛ፤ ርካሽ፣ አፉን የከፈተ ቆርቆሮ። የእኛ እድር ጸሐፊ ልጄ ነውና ቅናት ያዘው። «የእነሱ እንደ አህያ ያናፋል፤ እኛ ሰው የሚያከብረውን እንግዛ» ብሎ ሽማግሌዎቹን ፒያሳ ወሰዳቸው። እኔንም ወሰደኝ። ባለሱቁ አንድ የጀርመን ማጉያ አሳይቶን ሸክላ አስቀምጦ ከፈተው። እውነቴን ነው፣ ዘፋኙ አጠገቤ ቆሞ የሚተነፍስ መሰለኝ። ድምፁ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ጆሮ የማይወጋ። ሳጥኑም እንደ ቡፌ የተወለወለ እንጨት ነው።

«ለሞት ጥሪ ይህን ያህል ገንዘብ?» አልሁት ልጄን።

«እማዬ፣ ጥሩ ነገር በርካሽ አይገኝም።»

ለእናትሽ ስነግራት፣ «እሰይ! እንግዲህ እኔ ስሞት በጀርመን ሳጥን ልጠራ ነው!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ለአዲስ ድንኳን የተጠራቀመው ገንዘብ አለቀ። ይመርም ተሰናበተ። መብራት የገባው ሰብስቤ ቤት ስለሆነ ሳጥኑን በረንዳው ላይ ሰቀሉት። አመሻሹ ላይ ሸክላ ያጫውትበታል፤ ጎረምሳው ሁሉ ደጁ ላይ ይሰበሰባል፤ ያደንቃል። እኛ ከወንዙ ማዶ ያለነው ግን የምንሰማው እንደ ንብ ቀፎ ጉም ጉም የሚል ነገር ብቻ ነው። ነግሬዋለሁ። «ነፋሱ ነው» አለኝ።

እናትሽን እሑድ አይቻት ነበር። ጉንፋን ይዟት ከመተኛቷ በቀር ምንም አልነበራት፤ ያመጣሁላትን አጥሚት «ጨው በዛው» እያለች ጨረሰችው። ማክሰኞ ጠዋት ያ ጉም ጉም ተሰማኝ። ይኸ ልጅ ደግሞ በጠዋቱ ዘፈን ከፈተ ብዬ ተናድጄ ጎመኔን መኮትኮት ቀጠልሁ። ለካ ስሟን እየጠራ ኖሯል፣ ብርቅዬ። የእናትሽን ስም እየጠራ እኔ ጎመን እኮተኩታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወተት የምታመጣልን ዱሬቲ መጣች። አየችኝና ቀጥ አለች።

«እማማ ዓለም፣ እርስዎ እዚህ ነዎት? ሰው ሁሉ መድኃኔ ዓለም አይደል እንዴ!»

«ማን ሞቶ?»

ጣሳዋን መሬት አስቀምጣ አፏን ያዘች።

ነጠላዬን እንኳ ሳላዘቀዝቅ ሮጥሁ። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ስደርስ አፈሩ ተመልሷል፣ ሰዉም ተበትኗል። አፈሩን በእጄ ነካሁትና ወደ ለቅሶው ቤት ሄድሁ፤ ያው የተቀደደው ድንኳን ተተክሏል። ስገባ ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ጠላ ሻጯ በላይነሽ ግን አላስቻላትም።

«መጡ እንዴ፣ እትዬ ዓለም? ማጉያው የሚያድረው ልጅዎ ቤት አይደል? እርስዎ ካልሰሙ ታዲያ ማን ሊሰማ ኖሯል!»

ሰብስቤ እዚያው በር ላይ ቆሟል። ሰማ። የድንኳኑን ገመድ ማጥበቅ ጀመረ።

ቤቴ ሲሸኘኝ ያዝሁት።

«በእግርህ መጥተህ ብትነግረኝ ምን ነበር? ወንዙ ይወስድሃል?»

«ማጉያው ተናግሮ የለ።»

«አልሰማሁም እኮ ነው የምልህ!»

«እማዬ፣ በማርያም እንዲህ አትበይ። የጸሐፊው እናት አልሰማሁም ካለች የእድሩን ገንዘብ ውሃ አስበላው ይሉኛል። አሞኝ ነበር በይ።»

«ሰርኬ ሞታ እኔ በውሸት ልታመም?»

«መሸብኝ» ብሎ ወጣ።

በዚያው ሳምንት እሑድ እድርተኛው ሲሰበሰብ፣ ከቀብር የቀሩት ሲጠሩ የእኔም ስም ተጠራ። ተነስቼ አልሰማሁም አልሁ። የእድሩ ዳኛ ወደ ሰብስቤ ዞረው፣ «ጥሪው ወንዝ ማዶ ይደርሳል፣ አይደርስም?» አሉት። ሰው ሁሉ አየው፤ እኔም አየሁት።

«ጥርት ብሎ ይደርሳል» አለ ልጄ። «እናቴ ሰምታ ነው የቀረችው።»

መቀጫው ምንም አይደል። ከሰርኬ ጋር ሠላሳ ዓመት አብረን የኖርነውን ግን በሰው ፊት ካደብኝ።

አሁንም ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ፣ «ያ ዕቃ ለዋጋው የሚበቃ ነው?» ይለኛል። አጠገቡ ቆሞ ለሚያዳምጠው ይበቃዋል፤ የድምፁን ማማር አልክድም። የሞት ጥሪ ማማር ግን ምን ያደርግለታል? የይመር ጡሩምባ ያስጠላ ነበር፣ ሕፃን ያስለቅስ ነበር፤ በሬ ድረስ ግን ይመጣል።

ልጄ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁት እንድትፈርጂልኝ አይደለም። እናትሽን ሰምቼ እንዳልቀረሁባት አንቺ ብቻ ብታውቂልኝ ይበቃኛል። ወልደሽ ስትጠነክሪ ነይ፤ መቃብሯ ጋ አብረን እንሂድ፤ ብቻዬን ስሄድ ሰው ያየኛል።

ሰብስቤ በየእሑዱ ከቅዳሴ ሲመለስ እዚህ ይመጣል፤ ጉልበቴን ይስምና መርቄ እሸኘዋለሁ። ዛሬም መጣ። በዚህ ብርድ በስስ ሸሚዝ፤ ከስቷል። ጎንበስ ብሎ ብዙ ጠበቀ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ። የምትወልጂው ልጅ አፉ እውነት የሚናገር ይሁን። ባልሽን ዕድሜ ይስጥልሽ። የሰርኬን ነፍስ በቀኙ ያቁምልን።

እቴቴ የምትይኝ፣ ዓለም

ሰብስቤን ግን ከእንግዲህ አልመርቀውም።