ሁሉ አለ ፋርማሲ

ውድ ፌንጣዬ፣

ይህን የምጽፍልሽ ስለ ማበጠሪያሽ ነው። የስልክ መተግበሪያ አብረን ባስተማርንበት ክፍል፣ ጥርሱ የረገፈ ቀይ ማበጠሪያ በመምህር ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ትተሽ ሄደሻል። ተማሪዎቹ ጠመኔ ሲፈልጉ አገኙት። እንደምታውቂው በእኔ ራስ ላይ የሚበጠር ነገር ከጠፋ ቆይቷል። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «አጎታችን ለካ ተስፋ አልቆረጡም» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። መሳለቂያ አድርገሽኝ ስለሄድሽ ካሳ ይገባኛል።

በይ፣ የማበጠሪያው ነገር እዚህ ላይ ይብቃ። አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

ስልክሽን አታነሺም። መልእክት ስልክልሽ ማንበብሽን የሚናገረው ምልክት ብቅ ይላል፣ መልሱ ግን የለም። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ። እናትሽ ልትጠይቅሽ ስትመጣ በእጇ ትሰጥሻለች፤ አንብበሽ እስክትጨርሺም ከፊትሽ እንዳትነሳ አደራ ብያታለሁ። እህቴን ታውቂያታለሽ፤ አደራ ካሏት አለት ናት።

ልጆቹ የፋርማሲውን መተግበሪያ የሠሩት፣ ሰው መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ እንዳይንከራተት ብለው ነበር። የመድኃኒቱን ስም ሲጽፉለት ማን ጋ እንዳለ ከነስልክ ቁጥሩ ይናገራል። ሐሳቡ የሻለቃ ነው። ያንን ቅጽል ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሮቹን የከበቡትን ወንዶች አስነስታ በተራ ስላሰለፈቻቸው። የሰፈሩን ፋርማሲዎች ከትምህርት ስትወጣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በእግሯ ዞራ፣ ባለቤቶቹን ለምና ያስመዘገበችውም እሷ ናት። አንዳንዶቹ «ሂጂ ቤትሽ አጥኚ» ብለው መልሰዋታል። በማግስቱ ተመልሳ ሄዳለች።

የሙከራውን ቀን አልረሳሽውም። ስንፈትሽ እንዲመቸን ሻለቃ አንድ የሌለ ፋርማሲ ፈጠረች። መድኃኒት ሁሉ እንዳለው አድርጋ ሞላችውና «ሁሉ አለ» ብላ ሰየመችው። የመደወያው ቁልፍ መሥራቱን ለማየት ደግሞ የሚጠራ ስልክ አስፈለገ። ግድግዳው ላይ የጂኦግራፊ መምህሩ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፣ ለጉብኝት ጉዞ መመዝገብ የሚፈልግ ይደውል የሚል። ቁጥሩን ከዚያ ገለበጠችው። ቁልፉን ነካችው፤ ስልኩ ከግድግዳው ማዶ ጮኸ፤ መምህሩም በዚያ በሚያስተጋባ ድምፃቸው «ሃሎ» አሉ። አንቺ ጠረጴዛው ሥር ተደፍተሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። ሻለቃ «አሁን ላጥፋው?» ስትልሽ ምን እንዳልሻት ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል።

«ተዪው፣ ገና ብዙ እንፈትሻለን። ከመልቀቃችን በፊት እኔ ራሴ አጠፋዋለሁ።»

አላጠፋሽውም። ጊዜ አጥሮሽ እንዳይመስልሽ፤ ልብሽ ቀድሞ ስለሄደ ነው። ለአዲሱ መሥሪያ ቤት ቃለ መጠይቅ የሚታይ ነገር ስለፈለግሽ፣ ልጆቹ አንድ ሳምንት ስጪን እያሉሽ፣ መተግበሪያውን ለሕዝብ ለቀቅሽው። «ሥራ የሚያውቅ ሰው አይንዛዛም» አልሻቸው። ከዚያ ሻንጣሽን አነሳሽ። ሥራውን አገኘሽ፤ እሰይ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል በቤተሰባችን የማን ታሪክ እንደሚሆን አስቢበት።

የሆነውን ልንገርሽ። እውነተኞቹ ፋርማሲዎች መድኃኒት ሲያልቅባቸው «አለቀ» ብለው ያስገባሉ። «ሁሉ አለ» ግን ባለቤት የለውምና ምንም አያልቅበትም። ስለዚህ ከየትም የጠፋ መድኃኒት ሁሉ እሱ ጋ አለ ይላል። ከተማው የሚፈልገው መድኃኒት ሁሉ ያለው በዓለም ላይ በሌለ ፋርማሲ ነው፤ ስልኩን የሚያነሱት ደግሞ ስለ ወንዞች ፍሰት የሚያስተምሩ ሰው።

መጀመሪያ ሳቅኩ፤ አልዋሽሽም። ሰውየው ካርታ ዘርግተው ስልካቸው ይጮሃል፤ ሽሮፕ አለ ወይ ይሏቸዋል። የለም ሲሉ ደዋዩ ደብቀህ በውድ ልትሸጥ ነው ብሎ ይሰድባቸዋል። ቁጥሩን ይቀይሩ ብዬ መከርኳቸው። ርቆ የሄደው ልጃቸው የሚያውቀው ይህን ቁጥር ብቻ ነው፤ ከደወለ በዚህ ነው የሚደውለው። ይህን ሲነግሩኝ ሳቄን ተውኩት።

መምህሩ ግን ተማሪ ሆን ብሎ የቀለደባቸው መሰላቸውና ለርዕሰ መምህርቷ ከሰሱ። ሻለቃ «ቁጥሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ» ብላ ቆመች። አጠፋዋለሁ ያልሽው አንቺ መሆንሽን አልተናገረችም። እኔ ተናገርኩ። ርዕሰ መምህርቷ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ የመምህራን ክፍሉን ስልክ እንደ ዶሮ እንዲጮህ ያደረገ ሰው ምስክር ሊሆነኝ አይችልም አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ አድርጌዋለሁ። ልጆቹም መሰከሩ፤ ጓደኛ ለጓደኛ ነው ተባለ። የሚታመነው ያንቺ ቃል ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ የለሽም።

ፍርዱ ይህ ነው፦ ሻለቃ አባቷን ሳታመጣ ክፍል አትገባም፤ ስህተቱ ካልታረመ ደግሞ የመተግበሪያ ትምህርቱ ይዘጋል። አባቷን ታውቂዋለሽ፤ ከመጀመሪያውም «ስልክ መነካካት ትምህርት አይደለም» የሚል ሰው ነው። ለክስ ከተጠራ ልጅቷ ዳግም ኮምፒውተር አትነካም። ስለዚህ አልነገረችውም። ታምሜያለሁ ብላ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኝታለች። እስከ መቼ ትታመም?

እርማቱ እንኳ ተዘጋጅቷል። ራሷ ሠርታ ልካልኛለች። ግን ልጆቹ ዕድሜያቸው ስላልደረሰ መተግበሪያው የተመዘገበው በአንቺ ስም ነው፤ ቁልፍ የምንለው ፋይልና የይለፍ ቃሉም ያለው በአንቺ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ያለ እሱ አንዲት ነጥብ መቀየር አይቻልም። እኔ ራሴ በሩ ሲዘጋብኝ በመስኮት፣ መስኮቱ ሲዘጋ በጣሪያ እየገባሁ ነው ይህን ሙያ የተማርኩት፤ ይህኛው ግን ቀዳዳ የለውም። ሞክሬዋለሁ።

ለምን ዝም እንዳልሽ ልገምት? አዲሶቹ አለቆችሽ ያደነቁት መተግበሪያ በሽተኛ ወደ ጂኦግራፊ መምህር የሚልክ መሆኑን እንዳይሰሙ ነው። ገባኝ፤ ያሳፍራል። ግን ያንቺን ኀፍረት አንዲት ልጅ በብርድ ልብስ ሥር ተሸክማልሽ ተኝታለች። አንቺ በእሷ ዕድሜ ሳለሽ የእናትሽን ራዲዮ ፈታተሽ መግጠም ሲያቅትሽ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብዬ ቁጣውን የተቀበልኩልሽ እንዲህ እንድትሆኚ አልነበረም። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ያንቺው ዝገት ነው፣ ፌንጣ። የነካውን ሁሉ እየበላ ነው።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ቁልፉንና ለርዕሰ መምህርቷ የምትጽፊውን አንድ

በሩ ተንኳኳና አቋረጥኩ። የቤት አከራዬ መስለውኝ «ሳልሞት እከፍታለሁ» እያልኩ ሄድኩ። የቆሙት ግን የጂኦግራፊ መምህሩ ናቸው፣ እጅጌያቸው ላይ ጠመኔ እንዳለ፣ ስልካቸውን እንደጨበጡ። ለጠብ የመጡ መስሎኝ በሩን በግማሽ ያዝኩት።

አንዲት እናት ደውላላቸው ነበር። ለልጇ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው የፈለገችው፤ የያዘችው ሊያልቅባት ነው። የለም ብለው ዘጉት።

«ከዘጋሁ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ» አሉኝ። «ሌላው ደዋይ ሁሉ ይሰድበኝ ነበር። እሷ አመስግናኝ ነው የዘጋችው። የት እንደሚገኝ ያውቃሉ?»

አላውቅም አልኳቸው። የተመዘገቡትንም፣ ሂጂ ብለው የመለሷትንም ፋርማሲዎች በር በበር የምታውቀው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም እርስዎ ባቀረቡት ክስ ቤቷ ተኝታለች አልኳቸው። ጨክኜ ነው ያልኩት። ከዚያ ቤቷን አሳየኝ አሉ።

አባቷንስ ምን ሊሉት ነው ብዬ ጠየቅኩ።

«የጂኦግራፊ መምህሯ መንገድ ጠፍቶበት መጣ እለዋለሁ። ልጅህ ካልመራችን አንደርስም እለዋለሁ።»

ኮታቸውን ሳያወልቁ በሩ ላይ እየጠበቁኝ ነው። እኔም ይህን የምጽፈው በአንድ እግሬ ጫማ አድርጌ ነው። እናትየዋን መልሰው ደውለውላት መስመር ላይ ናት፤ «አይዝጉት፣ እየሄድን ነው» ሲሏት እሰማለሁ።

ንዴቴ የበረደ እንዳይመስልሽ። እኚህ ሰው የተበደሉ ሆነው መቀመጥ ካቃታቸው፣ የበደልሽው አንቺ እንዴት ተመቸሽ? ቁልፉን ላኪ። እውነቱን ለርዕሰ መምህርቷ ጻፊ። ለእኔ መልስ አልፈልግም፤ ለሻለቃ ግን ደውዪላት፤ ስታነሳም ቀድመሽ አትሳቂ።

እየሄድኩ ነው።

እስክትደውዪላት የማይታረቅሽ
አጎትሽ