አባባን ያደነቆረው ወፍራም ሸክላ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሞሪሂኮ፤

እንዴት ሰነበትህ? ኡርሱላስ ደህና ናት? ልጃችሁ ሚኦስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የዱስልዶርፍ ብርድ ጀመረ ወይስ ገና ነው? ወገብህስ፣ ያ በመጣህ ጊዜ ሲያስቃስትህ የነበረው፣ ተሻለህ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ስለታረቅን አይደለም። እማማ ጤና ያልተጠየቀበት ወረቀት ፖስታ ውስጥ አይገባም እያለች ስላሳደገችን ነው። ከልቤ የጠየቅሁት የኡርሱላንና የሚኦን ነው። ወገብህን የጠየቅሁት አባባ አዞኝ ነው፤ ለምን እንዳዘዘኝ ወደ መጨረሻው ታነበዋለህ።

እኔ ደህና ነኝ። ባሕሩም እንደተለመደው ነው፤ መርከቡ በጠባቡ መተላለፊያ ሲያልፍ ጥሩምባውን ይነፋል፣ መስኮታችንም ይንቀጠቀጣል። አባባ ግን ደህና አይደለም። ደህና እንዳይሆን ያደረግኸው ደግሞ አንተ ነህ።

ቡና ቤታችን ካጋሪ በዓመቱ መጨረሻ ሊዘጋ ነው። አባባ በገዛ እጁ በብሩሽ ጽፎ በሩ ላይ ለጥፏል፤ "የቤቱ ባለቤት ጆሮ ስለ ደከመ ቤቱ ይዘጋል። እስካሁን ላስቸገርናችሁ ይቅርታ" ይላል። ሌላ ሰው ቡና ቤት ቢዘጋ ጡረታ ወጣ ይባላል። አባባ ግን ጠዋት ከአልጋው የሚነሣው ለዚያች ክፍል ነው፤ እማማ ከሞተች ወዲህ በሕይወት ያቆየው ያ የሸክላ ማጫወቻ ነው። ካጋሪ ከተዘጋ ይህን ክረምት የሚወጣው አይመስለኝም። ይህን የምልህ ላስፈራራህ ብዬ ነው፤ ትንሽ ብትፈራ ደስ ይለኛል።

አሁን በማርች ለእማማ መታሰቢያ የመጣህበትን ቀን አስታውስ። ያን አዲስ ሸክላ የሞላውን ሣጥን ጎትተህ ገባህ፣ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ባንኮኒው ላይ ዘረገፍከው፣ ስብከትህንም ጀመርክ። "አባባ፣ ይኼ መቶ ሰማንያ ግራም ነው። ያንተ እኮ ቅጠል ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል። ሸክላ ሲወፍር ድምፁም ይወፍራል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ አውሮፓ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም" አልክ። አባባ አንዱን ሸክላ አንሥቶ የቡና ፍሬ በሚመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጠና "ከባድ ነው" አለ። ይኸው ብቻ ነው ያለው። አንተ ግን እንደ አድናቆት ቆጠርከው። ከዚያ እሱ ዕድሜውን ሙሉ በጨርቅ እየጠረገ ያኖራቸውን ስስ ሸክላዎች፣ ሠላሳ ያህሉን፣ "እነዚህ ጡረታ ይውጡ" ብለህ ሻንጣህ ውስጥ ከተትክ። ሽፋኖቻቸውን ግን ተውክለት። "ደንበኛው የሚያየው ሽፋኑን ነው፤ አዲሱን ሸክላ በአሮጌው ሽፋን ክተተው፣ ማን ያውቃል?" አልከው። የነገሩ ሁሉ መርዝ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የቤታችንን ሥርዓት የጀርመን አየር አስረስቶህ ከሆነ ላስታውስህ። ካጋሪ ውስጥ ሸክላ እየዞረ አይወራም። ደንበኛው የሚፈልገውን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ አባባ መርፌውን ያሳርፋል፣ ሽፋኑን ድምፅ ማጉያው አጠገብ ያቆመዋል፣ ከዚያ ዝም ነው። ወደውም ጠልተውም ዝም ነው። እንግዲህ አንተ ከሄድክ በኋላ የቆመው ሽፋን የድሮው ነው፣ የሚሰማው ግን ሌላ። መለከቱ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል፣ የባሱ ድምፅ ሆዱ ተነፍቶ ሌላውን ሁሉ ይደፍቃል። ደንበኛው ሸክላው መለወጡን አያውቅም። አባባ መለወጡን ያውቃል፤ ነገር ግን ልጁ ወፍራሙ ይበልጣል ብሎታል፣ ልጁ ደግሞ የሚሠራው ሸክላ መሸጫ ውስጥ ነው። ስለዚህ የተበላሸው ሸክላው ሊሆን አይችልም። የተበላሸው የአባባ ጆሮ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ መርፌውን ለወጠ። ቀጥሎ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ መልሶ ሰካ። ከዚያ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ "ለዕድሜዎ በጣም ጥሩ ነው የሚሰሙት" አለው። አባባ ቤት ሲመለስ "ገና ወጣት ነው፣ ሽማግሌ ማስቀየም አልፈለገም" አለኝ።

አቶ ኩሳካቤን መቼም አልረሳሃቸውም፣ ጡረታ የወጡትን የመርከብ መሪ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር የዚያን መለከት ነፊ ሸክላ ሁለተኛ ገጽ ነበር የሚያዙት፤ እኔ ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ ሌላ አዘው አያውቁም። በሜይ ተዉት። ወረቀታቸው ላይ ፒያኖ ይጽፉ ጀመር። ወይዘሮ ኢቶዳም፣ የመድኃኒት ቤቷ፣ እንደዚሁ። አንተ ካመጣሃቸው ሸክላዎች አንዱንም የሚያዝ ጠፋ። አባባ ወፍራም አድርጎ ዳቦ እየቆረጠ "ኩሳካቤ እንኳ ተወው፤ እኔ ሳጫውት መስማት አስጠልቶታል" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደንበኛ ባለበት ማጫወቻው ፊት አልተቀመጠም። ሸክላ የማሳርፈው እኔ ነኝ፤ እሱ ጓዳ ሆኖ ኩባያ ያጥባል። ውፍረት የሚያምርበት ያ የተጠበሰ ዳቦ ብቻ ነው፣ ሞሪሂኮ። ለዚያ እንኳ ቅቤ ይፈልጋል።

በኦክቶበር ቾፉ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ከሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ያንኑ የመለከት ሸክላ አገኘሁት፤ ስሱን፣ አንተ ከወሰድከው ጋር በአንድ ዓመት የታተመውን። ሰኞ ቤቱ ዝግ ነው። አባባ ፀጉሩን ሊቆረጥ በወጣበት ሰዓት ስሱንና ወፍራሙን እያፈራረቅሁ ሰማኋቸው። መርፌውን የያዘውን የማጫወቻውን ክንድ እንደየውፍረታቸው ከፍና ዝቅ አድርጌ አስተካከልኩ፣ አላስተካከልሽም እንዳትለኝ። ስሱ ላይ ሰውየው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ይነፋል። ያንተው ላይ ጎረቤት ቤት ሆኖ ግድግዳ ይደበድባል።

ደግሞ እንዳትሳሳት፤ ወፍራም ስለሆነ ነው የከፋው አላልኩም። እንዳንተ አላዋቂ አይደለሁም። ካመጣሃቸው መካከል አንዱ፣ ያ የሳክስፎኑ፣ ከአባባም ስስ ሸክላ ይበልጣል፤ ወረቀቱ ላይ ከመጀመሪያው ቴፕ እንደተቀዳ ተጽፏል። የመለከቱ ግን ከቅጂ ቅጂ የተቀዳ ነው፣ አንዱ ብልጥ ደግሞ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ ነፋፍቶታል። መርፌው የሚሄድበት ቦይ የሚቆፈረው ሸክላው ፊት ላይ ነው፤ በስሱም በወፍራሙም ጥልቀቱ ያው ነው። ከቦዩ በታች ያለው ትርፍ መርፌው ደርሶበት አያውቅም። ፍራሹ ስለ ወፈረ የተኛው ሰው ሕልሙ አያምርለትም። ድምፁን የሚያሳምረው ከምን እንደተቀዳና ማን እንደቀዳው ነው። ይህን እኔ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከደረስኩበት፣ አንተ እዚያ መደብር ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ትሠራለህ?

ዕድሜውን በተመለከተም ስማ። ሸክላን የሚበላው አቧራና የደነዘዘ መርፌ ነው። አባባ እያንዳንዱን ገጽ ከመጫወቱ በፊት ስለሚቦርሽ ነው ስሶቹ ከኔ ጋር ያረጁት። ካንተዎቹ አንዱ ግን በኦገስት ሙቀት መስኮቱ አጠገብ ሆኖ እንደ ጣሪያ ክዳን ጎበጠ፤ ከጎኑ የነበሩት ስሶች ምንም አልሆኑም። በሁለት መስታወት መካከል አድርጌ እማማ ጎመን በጨው ስታኮመጥጥ ትጭንበት የነበረውን ድንጋይ ጫንኩበት። ስስ ሸክላ ቢሆን በሳምንቱ ይቃና ነበር። ይኼ ግን እስካሁን አልተቃናም፣ እንዳመጣው ሰው ግትር ነው። ደግሞ ወፍራም ሁሉ ጠንካራ ከሆነ፣ የአያታችንን ያን ድልብ የጥንት ሸክላ ልጅ ሆነህ ስትጥለው ለምን እንደ ሰሃን ተሰበረ?

ያገኘሁትን ሁሉ ለአባባ ነገርኩት፤ ሁለቱንም አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና "አንቺ ልጄ ነሽ፤ እንዳላዝን ብለሽ ነው" አለ። በነጋታው ማስታወቂያውን ለጠፈ።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት በዚያ ቤት ተደርጎ የማያውቅ ነገር አደረግሁ። ሰው ሞልቶ፣ ወፍራሙ የመለከት ሸክላ እየዞረ፣ መርፌውን ከመሐል አነሣሁትና ሁሉም እየሰማ "ይህን ሸክላ ለምን ተዋችሁት?" ብዬ ጠየቅሁ። አባባ ከጓዳ ብቅ አለ። አቶ ኩሳካቤ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ተነሥተው ቆሙ። "እንግዲህ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማስተር። ከሜይ ጀምሮ መለከቱ ጉንፋን ይዞታል። እርስዎ አርጅተው ነው ብለን ዝም አልን። ለትልቅ ሰው ጆሮህ ደከመ ይባላል እንዴ?" አሉ። ወይዘሮ ኢቶዳ ደግሞ "እኔማ ለጆሮ የሚሆን ክኒን በስጦታ አስመስዬ ላመጣልዎ ነበር፤ እንዳላሳፍርዎ ብዬ ተውኩት" አሉ። ሸክላው መለወጡን ስነግራቸው አቶ ኩሳካቤ ስሱን እንዳጫውት ለመኑኝ፣ አጫወትኩት። እንባቸው መጣ። "ይኸው እሱ፤ የታመመው ሸክላው ነው፣ እርስዎ ደህና ነዎት" አሉት።

አለቀ፣ አባባን አዳንኩት ብዬ ነበር። አባባ ለሁሉም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ አመሰገነ፣ ተመልሶ ጓዳ ገባ። ተከትዬው ስገባ ኩባያውን እያደረቀ እንዲህ አለኝ፦ "አየሽ፣ እነዚህ ሰዎች ለክብሬ ብለው ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብለውኛል። ዛሬ የተናገሩት ለክብሬ ብለው እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?" ማስታወቂያው እስካሁን በሩ ላይ ነው።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ለምን እንደጻፍኩልህ ይግባህ። ናፍቀኸኝ አይደለም። በዚህ ቤተሰብና በዚህ ከተማ ውስጥ ይሉኝታ የሌለው ሰው አንተ ብቻ ነህ። በእማማ ቀብር ላይ መነኩሴውን "ድምፅዎ ይወላገዳል" ያልክ አንተ ነህ። አባባ ዓመት ሙሉ ሠርቶ ያቆማቸውን ድምፅ ማጉያዎች የዓሣ ሣጥን ይመስላሉ ያልክ አንተ ነህ። ስንቱን ቀን በዚህ ምላስህ አፍሬያለሁ። አባባ ግን "ሞሪሂኮ ባለጌ ነው፤ ሰው ደስ ይበለው ብሎ ሲናገር ግን ሰምቼው አላውቅም" ይላል። ሐኪሙን አላመነም፣ ደንበኞቹን አላመነም፣ እኔን አላመነም። አንተን ያምናል። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ስለዚህ ለእኔ መልስ አትጻፍ። ለአባባ ጻፍ። አታሳምረው፣ አታለሳልሰው፣ እንደ ልማድህ ጻፈው። ስለ ውፍረቱ የነገርኩህ ስሕተት ነው፣ ሸክላው መጥፎ ነው፣ ጆሮህ ደህና ነው በለው። ቃሌን አላጥፍም ብለህ ተኩራርተህ እንደሆነ፣ አባባ በጃንዋሪ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ኩራትህን ከዚያ ሆነህ ትሞቀዋለህ። ሸክላዎቹንም መልስ። በላክኸው ፎቶ ላይ አይቻቸዋለሁ፤ አባባ በቀይ ቀለም ቁጥር የጻፈባቸው የውስጥ መያዣ ወረቀቶች ከኋላህ ይታያሉ፣ ማሞቂያው አጠገብ፣ ያውም አጋድለሃቸው። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ተነሥና ከዚያ አንሣቸው።

የወገብህን ነገር አልረሳሁትም። አባባ ጠዋት ጠዋት ካጋሪን ከመክፈቱ በፊት ያንን ወፍራም ሸክላ ብቻውን ሆኖ ያጫውተዋል። እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ፣ ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠግቶ ይቀመጣል። ትናንት ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። "ሞሪሂኮ የሰማውን እየፈለግሁ ነው። ያን ሁሉ ክብደት በዚያ ወገቡ ተሸክሞ ያመጣልኝ የሆነ ነገር ሰምቶበት መሆን አለበት" አለኝ። ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ስነግረው "ወገቡን ጠይቂልኝ" አለ። ጠየቅሁልህ።

አባባ ለሁላችሁም ሰላምታውን ያቀርባል፤ ለሚኦ ብሎ የደረቀ ዓሣ ገዝቷል፣ ለብቻው ይላካል። አክስታችን ሂሳኖ ኡርሱላን ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ያንተን ስም ስጠራባት ሻይዋን ጠጣች። አቶ ኩሳካቤም እንዲሁ ሰላም ብለዋል፣ የሳቸው ግን ይሉኝታ ነው፣ አትመነው። የኔ ሰላምታ አባባ ያንን ወረቀት ከበሩ ላይ ልጦ የጣለ ዕለት ይደርስሃል።

እኅትህ ኪኑኤ

ሺሞኖሴኪ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2014