ከአምቦ ሳይላክ የቀረው ደመና

ለምወድህ ወንድሜ ሮብሳን፣

ወንድምዓለም፣ አካም ጂርታ፣ እንደምን አለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እህል አፍህ ይገባል? እኛ በቁማችን አለን። እማዬ ትንሽ ትንሽ ትቀምሳለች፤ እኔም ሥራ ገብቻለሁ። “ደህና ነን” ግን አልልህም፤ ውሸቱ ይብቃን።

ስልካችንን ማንሳት ካቆምክ ሰነበትክ፤ ቢከፋህ አልፈርድብህም። አባዬ ያረፈ ዕለት ሽማግሌዎቹ “ለልጁ በስልክ እንዳትነግሩት፤ እሱ ባለበት ከተማ ያሉ የአገሩ ሰዎች በማለዳ ቤቱ ሄደው ያርዱት” አሉ። ሰው መርዶውን ብቻውን እንዳይሰማ ነው ወጉ። የአባዬ ጓደኛ ኦቦ ኢዶሳማ “ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ!” እያሉ የሰፈሩን ወጣት ሁሉ አስጠነቀቁ። አንተ ስትደውልም እማዬ እንባዋን ውጣ “አባትህ እንጭኒ ለቅሶ ሊደርስ ሄዷል” አለችህ። ከአፏ የወጣላት እሱ ነው፣ ምን ታድርግ። በሩን ሁሉ ዘጋን፤ ደመናውን ግን ረሳነው።

አባዬ እኮ አንተ የደመና ጥናቱን ከጀመርክ ወዲህ ደመና የምታነሳላችሁ ሳተላይት በእኛ ላይ በምታልፍበት ሰዓት ሰማዩን ሳያይ ውሎ አያውቅም። “እሷ ከላይ የደመናውን ጀርባ ነው የምታየው፤ ሆዱን የምነግራቸው እኔ ነኝ” እያለ ይኮራ ነበር። ምን ዓይነት ደመና እንደሆነ፣ ሰማዩን ምን ያህል እንደሸፈነ ጽፎ ከፎቶው ጋር ይልክልሃል። ታሞ እንኳ ወንበር ግቢ አስወጥቶ ነበር የሚያየው። ምሳ ሲቀርብ “ቆይ፣ ልጄ ይጠብቀኛል” ይላል። እኔም “ደመናው አይበርድም፣ ወጡ ነው የሚበርደው” እያልኩ አበሽቀው ነበር። ምነው ዛሬም ባበሸቅኩት!

ለካ አንተ መሥሪያ ቤትህ ተቀምጠህ የአምቦውን ደመና ስትጠብቅ፣ ሲቀር፣ በማግስቱም ሲቀር፣ ማንም ሳያረዳህ ገብቶሃል። ሰዎቹ በማለዳ ሲያንኳኩ ጥቁር ለብሰህ ከፈትክላቸው አሉ።  ደግፎ የሚይዝህ ሰው እንዲኖር ብለን ደብቀን፣ ብቻህን አስለቀስንህ።

እማዬ “ዋሸችኝ ብሎ ቂም ያዘብኝ” እያለች ታለቅሳለች። ባሏን ቀብራ፣ አሁን ደግሞ ያንተ ዝምታ ጨመረባት። ዛሬ ሰዓቱ ሲደርስ የአባዬን ወንበር ራሷ አውጥታ ተቀመጠች። ሰማዩን ስታይ ቆይታ “ጥቁር ነው፤ ከወንጪ በኩል መጥቶ ሁሉንም ሸፍኗል፤ ግን አልዘነበም ብለሽ ላኪለት” አለችኝ። በስሟ ልኬልሃለሁ።

ኦቦ ኢዶሳ “ይቅር በለን” ብለውሃል። ልጄ ሃዊ ጉንጭህን ትስማለች። እማዬ ግን ሰላምታዬን በደብዳቤ አልልክም ብላ ስልኩን ታቅፋ ተቀምጣለች። ደመናውን ተሳስታ ከሆነ ደውለህ አርማት።

እህትህ ዱሬቲ ቀጀላ
አምቦ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.