በሎዳ ቁልቁለት ላይ ጥሎ ያለፈው ታክሲ

ለአባቴ ለኦስቦርን ላሮክ፣
ሊድስ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ዐይንዎስ እንዴት ሆነ? በግራው ዐይንዎ ጋዜጣ ማንበብ እንደጀመሩ እህቴ ጃሲንታ ነግራኛለች። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ማንም ሳያነብልዎት ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? እንቅልፍ ይወስድዎታል? ይህን የመጨረሻውን የጠየቅኩት ለወጉ አይደለም፤ የምር ማወቅ ስለፈለግኩ ነው። እኛ ደኅና ነን። እማዬ ደኅና ናት፤ የእግሯ እብጠት ቀንሷል፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ሄዳ ትመለሳለች። ዝናቡ ዘንድሮ ልክ አለው። የዳቦ ፍሬው ዛፍ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል።

አባዬ፣ አንተ እያልኩ እንዳደግኩ አልረሳሁም። ዛሬ እርስዎ ያልኩት ከአክብሮት ብዛት እንዳይመስልዎት። ሩቅ ሰው የሚጠራው እንዲህ ስለሆነ ነው።

እማዬ ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ደኅና ነን ብለሽ ላኪለት፣ ሌላውን ተዪው ብላኛለች። ደኅና ነን ብያለሁ። አሁን ሌላውን እጽፋለሁ።

በኦክቶበር መጨረሻ፣ የቱሪስት መርከቦቹ መምጣት ሊጀምሩ ሲሉ፣ የታክሲ ነጂዎቹ ማኅበር ስብሰባ አድርጎ እኔንም ጠራኝ። ጉዳዩ የእኔ የኪራይ መኪኖች እንደሆኑ አውቄ ነው የሄድኩት፤ መልሴንም በሆዴ ይዤ ነበር። ከመርከብ የሚወርደው እንግዳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም ልላቸው ነበር። ሕፃናት የያዘ፣ በመንገድ ግራ መንዳት የማያውቅ፣ ገደል ሲያይ እግሩ የሚንቀጠቀጥ ሰው እኔ ጋ ሲመጣ እጁን ይዤ ወደ እነሱ ሰልፍ እንደምወስደው ራሳቸው ያውቃሉ። እኔ ጋ የሚቀረው ቫን ውስጥ ታጭቆ፣ ፏፏቴው ጋ ትንሽ፣ ገበያው ጋ ትንሽ እየተባለ እንደ ዕቃ መጫንና መውረድ የሰለቸው ነው። ደስ ያለው ቦታ ላይ ቆሞ መዋኘት፣ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ገዝቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መብላት የሚፈልግ ነው። እንዲህ ያለው ሰው እኔ ባልኖር መርከቡ ላይ ተኝቶ ይውል ነበር እንጂ ታክሲ አይዝም ነበር። የማንንም እንጀራ አልወሰድኩም ልላቸው ነበር።

አፌን እንኳ አልከፈትኩም። ወንድሜ ክሌመንት ተነሣና ስልኩን ማይክሮፎኑ ላይ ደቅኖ፣ ከሊድስ ቀርጸው የላኩለትን የእርስዎን ድምፅ ለቀቀው።

"ቨርኒስ ልጄ ናት። መኪኖቿ ግን ልጆቼ አይደሉም። የሚበጃችሁን አድርጉ፤ በእኔ በኩል የሚቀየማችሁ የለም።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ፣ "በቃ፣ አባትየው መርቆናል" ብሎ ሳቀ። እኔ ወንድሜን አየሁት፤ እሱ ስልኩን ያያል። ወንበሬን መልሼ ቦታው አስገባሁና ወጣሁ። ቤት ስደርስ እማዬ ሰምታ ነበር። በዚህች ከተማ ወሬ ከእግር ይቀድማል፤ ጎረቤቷ በአጥር በኩል ቃል በቃል ነግራታለች።

እርስዎ ሩቅ ስላሉ ምናልባት ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎት። ዐይንዎ መድከም ሲጀምር የእርስዎን የታክሲ ቫን ለዓመታት የነዳሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ከጎኔ ተቀምጠው ለእንግዶቹ ስለ አገሩ ሲያወሩ፣ እኔ ደግሞ በጉም ውስጥ መንገዱን እፈልግ ነበር። እንግዶቹ ሲመለሱ የሚጠይቁት ማንን ነበር? ወደ ሊድስ ሲሄዱ ግን ቫኑንም በወደቡ የታክሲ ሰልፍ ላይ ያለውን ቦታዎንም ለክሌመንት ሰጡት። እሱ ያኔ የስልክ ካርድ ይሸጥ ነበር፤ ወደ ተራራው መንደር ወደ ሎዳ የሚያወጣውን ዳገት በየትኛው ማርሽ እንደሚወጡት እንኳ አያውቅም። ለምን ብዬ ብጠይቅዎት፣ ሴት ሰልፉ ላይ ስትቆም ወንዶቹ ይከፋቸዋል አሉኝ። እሺ አልኩ። ባንክ ሄድኩና ተበድሬ ሦስት አሮጌ ጂፖች ገዛሁ። አልጮህኩም፣ አልከሰስኩም፣ ከእርስዎም አንድ ብሎን አልወሰድኩም። የእርስዎ መልስ ግን ያ የማይክሮፎኑ ቃል ሆነ።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ መርከብ በመጣ ቁጥር የግቢዬ በር ላይ ቫን ይቆማል። ባለቤቱ አይገኝም፤ ቁርስ ሊበላ ሄዷል ይሉኛል። እንግዶቹን ወደብ በር ላይ እየጠበቁ የእሷ መኪኖች ፍሬናቸው አይዝም ይሏቸዋል። አንዷ ሴትዮ እኔው ጋ መጥታ እውነት ነው ወይ አለችኝ። ማን እንዳላት ስጠይቃት ነጭ ቫን ይዞ የቆመውን ልጅ አሳየችኝ። ምን ብሏት መሰለዎት? "እህቴ ናት፤ ባላውቅ አልናገርም።"

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

በኖቬምበር አጋማሽ ትልቁ መርከብ የመጣ ቀን ከካናዳ የመጡ ጡረተኛ ባልና ሚስት ወደ እኔ መጡ፤ ጎርደንና ፖሊን ይባላሉ። መጀመሪያ ታክሲ ያዙ አልኳቸው፤ ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ጎርደን ኒው ዚላንድ ብዙ ዓመት ሠርቷል፣ በግራ መንዳት ለምዶታል። ፖሊን ደግሞ ሎዳ ያለው ፍል ውኃ ውስጥ ተቀምጣ ሰዓት የሚቆጥርባት ሰው እንዳይኖር ነው የፈለገችው። ጂፑን ፍሬኑን በፊታቸው ሞክሬ አስረከብኳቸው። ወደ ሎዳ ወጡ፣ ሐይቁን አዩ፣ ፍል ውኃው ውስጥ ተዘፈዘፉ። ሲመለሱ፣ እርስዎ ሁልጊዜ ቀስ በይ የሚሉኝ መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ፣ አንድ ነጭ ቫን ከኋላቸው መጥቶ ጡሩምባውን እያንባረቀ ተጠጋቸው። ጎርደን ላሳልፈው ብሎ ወደ ዳር ሲይዝ የግራ ጎማው ቦዩ ውስጥ ገባ። ጂፑ በጎኑ ተጋደመ። ፖሊን ክንዷ ተሰበረ፣ ግንባሯም ተፈንክቶ ደም በደም ሆነች።

ቫኑ ቆመ። ሊረዳን ነው ብለው ነበር። ነጂው በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ "ታክሲ ብትይዙ ኖሮ ይሄኔ ቢራችሁን እየጠጣችሁ ነበር" አላቸው። ጎርደን ሚስቴ ተጎድታለች አለው። እሱም አከራያችሁ ጋ ደውሉ፣ ቁጥሯን በሩ ላይ ጽፋዋለች አለና ነድቶ ሄደ። ቫኑ ውስጥ ያሉት እንግዶች እንዲያቆም እየለመኑት ነበር።

ከደረሱላቸው ሰዎች የመጀመሪያዋ ጎደሬዋን ተሸክማ ከማሳ የምትመለስ የሎዳ ሴት ናት። ራሷ ላይ ያሰረችውን ሻሽ ፈትታ የፖሊንን ግንባር አሰረችላት፤ ስልክ ወደሚይዝበትም ወጥታ ለእኔ ደወለችልኝ። በሌላው ጂፕ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ፖሊንን ከኋላ ወንበር አስተኝቼ ስወርድ ጎርደን ሁሉንም ነገረኝ። የቫኑ ፊት ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል "ትዕግሥት" የሚል አለበት አለኝ። ያንን ስም ያወጡለት እርስዎ ነዎት። በዚህች ደሴት እንዲህ የሚል ሌላ ታክሲ የለም። ወንድሜ ነው ሳልለው ወደ ሐኪም ቤት ነዳሁ።

ሐኪም ቤት ክንዷን በጄሶ እስኪያስሩላት የመርከቡ መነሻ ደረሰ። ወደ ወደቡ የሚወስደው መንገድ የመጨረሻ እንግዶቻቸውን ባወረዱ ቫኖች ተዘግቷል። ከፊቴ ያለው የክሌመንት ነበር። ወርጄ ሄድኩና ሴትዮዋ ከኋላ እንዳለች፣ መርከቡ ሊሄድባት እንደሆነ ነገርኩት። ክሌመንት ዞር ብሎ አያት። ግንባሯ ላይ ያለውን ፋሻ አየ፣ ጄሶውን አየ። ከዚያ ምን አለኝ?

"ሰልፍ ነው ቨርኒስ። ሰልፍ አናፈርስም።"

ሌሎቹም አልተነቃነቁም። ጎርደን ሚስቱን ደግፎ በቫኖቹ መካከል በእግር ሄደ። እሷ ሦስት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። የወደቡ ጫፍ ሲደርሱ ገመዱ ተፈትቷል፤ መርከቡ ከድንጋዩ ተላቋል። ከላይ ያሉት ሰዎች ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ እጃቸውን ያውለበልቡላቸው ነበር።

ወደ ቤት አመጣኋቸው። እማዬ የእርስዎን አልጋ አነጠፈችላቸው፤ የጎደሬ ሾርባም ሠራችላቸው። በዚያው ምሽት ዊልፍሬድ፣ የድሮ ባልንጀራዎ፣ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዟዙረዋል። እሱም ከተሰለፉት አንዱ ነበር። ለእማዬ፣ "ኦስቦርን ቢኖር መንገድ ላይ ሰው ጥሎ አይሄድም ነበር" አላት።

እማዬ ከበረንዳው አልተነሣችም። "ጥሏል እንጂ" አለችው። "ልጁን ጥሏል። ያውም በማይክሮፎን ነው የጣላት።"

ዊልፍሬድ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። እንዳልጽፈው የለመነችኝ ይህንን ነው። ጻፍኩት። አንድ ትዳር ሙሉ ክፉ ቃል ከአፏ ስላልሰሙ የሌላት እንዳይመስልዎት ብዬ ነው።

ባልና ሚስቱ በማግሥቱ ማግሥት በአውሮፕላን ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ጎርደን ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ያየውን ተናግሯል። የመርከቡ ሰዎችም ጠየቁ። ማኅበሩ ይህን ጊዜ ደነገጠና ክሌመንትን ለወቅቱ ከሰልፉ አወጣው። ከዚያ ሊቀመንበሩና ዊልፍሬድ እኔ ጋ መጡ። ጂፖቹን ብሸጥ የእርስዎን ቦታ ሊሰጡኝ፣ ከፊት ሊያስቆሙኝ ነው። ለዓመታት የተመኘሁት ቦታ ነው አባዬ። ሲገባኝ ከለከላችሁኝ፣ ስትፈሩ ሰጣችሁኝ፤ አልፈልገውም ብዬ ሸኘኋቸው። ክሌመንት ከዚያ ወዲህ እማዬን ሊያይ አልመጣም። ጂፑን ራሷ ናት ቦይ ውስጥ የከተተችው እያለ በየመጠጥ ቤቱ ያወራል አሉ።

እርስዎ ሁልጊዜ ታክሲ ይሻላል ይላሉ። ይሻል ነበር፤ እኔም አምን ነበር። የሚሻለው ግን ቫኑ ስለሰፋ ወይም ወሬው ስለጣመ አልነበረም። ተራራው ላይ አንድ ነገር ቢደርስ አገሩን የሚያውቅ ሰው አብሮዎት ስላለ ነበር። ይኸው ነበር የሥራው ክብር። ልጅዎ ያንን በአንድ አፍታ ቦይ ውስጥ ጣለው፤ እርስዎም ከሊድስ ሆነው ከኋላው ገፉት።

ባለፈው እሑድ ጃሲንታ ደውላ ያሉትን ሁሉ ነገረችኝ። እየተሳቀቀች ነው የነገረችኝ፤ እሷን አይቆጧት። አንደኛው፣ ፖሊስ ጋ ሄጄ እንግዳው አርጅቷል፣ ተሳስቶ ይሆናል እንድል ነው። አልልም። ሰውየው ያነበበውን አንብቧል። ለክሌመንት አዝነዋል፣ ጥሩ ነው። የሴትዮዋ ክንድ ዳነ ወይ ብለው ግን አልጠየቁም። አንቺስ እንዴት ሆንሽ አላሉኝም።

ሁለተኛው፣ በዚህ ወር በአሥራ ስምንት ሊመጡ ስለሆነ፣ የክሌመንትም ቫን ስለቆመ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄጄ እንድቀበልዎት ነው። ይህንን ጃሲንታ ስትነግረኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። በዚያ ቀን መርከብ አለ፤ ጂፖቼም ተይዘዋል። ባይያዙም አልመጣም። ማረፊያው በር ላይ ታክሲዎች ተሰልፈው ይቆማሉ። ሻንጣዎን ይዘው ይውጡና ተራው የደረሰውን ይያዙ። በጫካው በኩል ሲወርዱ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነጂው ያዋራዎታል፤ ማን እንደሆኑ ከነገሩት የእኔን ነገር እሱም ሰምቶት ይሆናል። የቤቱ በር አይዘጋብዎትም። ቤቱ የእርስዎ ነው፣ እማዬም የእርስዎ ናት። አልጋዎን አንጥፋ ትጠብቅዎታለች። እኔ ከወደብ ስመለስ እራት ደርሶ እንደሆነ ከጠረጴዛው በወዲያኛው ጫፍ እቀመጣለሁ።

ለጃሲንታ ናፍቆቴን ይንገሩልኝ፤ የላከችው የእማዬ ሹራብ በልኳ ሆኗል። ለባሏ ለኤልሮይ ሰላም ይበሉልኝ፣ ወገቡን እግዚአብሔር ይማርለት። ልጃቸውን ኪያራን በሁለቱም ጉንጮቿ ይሳሙልኝ፤ የትምህርት ቤት ፎቶዋን ግድግዳው ላይ ሰቅለነዋል። ለትንሹ ናይልስ ጥርሱ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ እንዳይወረውረው፣ እዚያ ጣሪያው ሩቅ ነው ይበሉት። ጎረቤታችን ሚስ ኢግኔሽያ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች።

ለእርስዎም ሰላምታ አለዎት። የላከችው እማዬ ናት። ታዝዤ ነው ያደረስኩት።

ቨርኒስ
ኒውታውን፣ ሮዞ፣ ዶሚኒካ
ዲሴምበር 3 ቀን 2019