በግጥም መሃል ቫኪዩም ላስነሡት ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ክላይቭ ሬንዳል
የመንደራችን አዳራሽ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያስቸግርዎ ጉልበትዎም በደኅና እንዲቆዩ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሆባርት ከተማ በስተ ደቡብ ባለችው በዚችው መንደራችን አኮርዲዮን የምጫወት፣ በየወሩ መጨረሻ እሑድ ከሰዓት በአዳራሽዎ እየተሰበሰቡ ሥራቸውን እርስ በርስ ያቀርቡ ከነበሩት ኩዊር፣ ማለትም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆኑ፣ ገጣሚያንና አርቲስቶች አንዷ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ ደጋግሜ መጥቼ “ሥራ በዝቶባቸዋል” ስለተባልኩ ነው፤ በመጋረጃው ጥግ ሲያዩኝ እያየሁ ሰላም ሳልልዎ መመለሴን ይቅር ይበሉኝ።

ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ “ለእናንተ ዓይነቱ ዝግጅት” የድምፅ ማጉያ እንደማይፈቀድ ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። የገጣሚዎቻችን ጉሮሮ ጠንክሯል።

ሁለተኛ፤ ይህኛው ይረዝማል፣ ቢቀመጡ ይሻላል። የፖም ለቀማው ሊያልቅ በተቃረበበት ሰሞን፣ ከቶንጋ ደሴቶች ለፍራፍሬ ለቀማ መጥታ እዚሁ የቀረችው ሠዓሊ ሜሌ ፊፊታ፣ እናቷ ከዛፍ ልጥ ቀጥቅጣ የሠራችላትን፣ እሷ ደግሞ በጥቁርና በቡናማ ቀለም የሣለችበትን ሰፊ ጨርቅ መድረኩ ላይ ሰቅላ ነበር። እኔ አኮርዲዮኔን ይዤ ጥግ ተቀምጫለሁ። ከጨርቁ ፊት የቆመው ኦርቪል ታስከር ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ከባሕር ወለል ቀንድ አውጣ ሲለቅም የኖረ ጠላቂ፣ በሰው ፊት ግጥም ሲያነብ የመጀመሪያው ነው።

ኦርቪልን እንደሚያውቁት አውቃለሁ። ከአጎትዎ ከሊንዚ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ነው። በአጎትዎ ቀብር ዕለት፣ በዚያው አዳራሽ፣ ልብ በሚነካው ንግግርዎ “ተከራዩ” ብለው የጠሩት፣ በሩ አጠገብ እንዲቀመጥም ያደረጉት እሱኑ ነው።

ግጥሙ ስለ አንድ አልጋ ነበር። ዘመድ ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥር ሁለቱ በትርፍ ክፍሉ ያለውን አልጋ አንጥፈው፣ ሰው ያደረበት እንዲመስል መልሰው ያመሰቃቅሉት ነበር፤ ሊንዚም ትራሱን በቡጢ እየመታ የራስ ቅርጽ ያወጣለት ነበር። ኦርቪል የሊንዚን ስም እንደጠራ፣ እርስዎ ከጓዳ ቫኪዩሙን፣ ያንን የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን፣ እየጎተቱ ብቅ አሉ። ምንጣፉን ጠዋት እኔው ጠርጌዋለሁ። ሰኩት፣ ጮኸ። “ይቅርታ፣ እግር አንዴ” እያሉ በሰው ጉልበት መሃል ገፉት። ኦርቪል ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እርስዎ ወደ እሱ ቀረቡ። ክቡር ሆይ፣ ዓሣ ማራገፊያ ሠርቼ አውቃለሁ፤ የበሰበሰ ነገር በእጄ ዝቄአለሁ። እንደዚያ ቀን ሥራዎ የከረፋ ግን አልገጠመኝም።

የካርታ ጨዋታ መስሏቸው ተሳስተው የገቡት፣ ሻይ ስለቀረበላቸው የቀሩት ወይዘሮ ኤስሚ ፓርዶ ተነሥተው ሶኬቱን ነቀሉ።

“አንተ ክላይቭ!” አሉዎ፤ “የሽንት ጨርቅህን የቀየርኩልህ ልጅ፣ ቁጭ በል! ሰውየው አልጨረሰም።”

“የሕዝብ አዳራሽ ነው እኮ እትዬ ኤስሚ፤ ልጆች ሊገቡ ይችላሉ።”

“ይግቡ! አልጋ ማንጠፍ ቢማሩ ምን ይጎዳቸዋል?”

እርስዎ ግን ሄደው መብራቱን ከዋናው ማጥፊያ አጠፉት። ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ኦርቪል ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። መኪናው ድረስ ተከትዬው ስሄድ “ሊንዚ ቢያይ በሳቅ ይሞት ነበር” አለኝ፤ ቁልፉን ማስገባት ስላቃተው ግን መኪናውን እኔ አስነሣሁለት።

ሦስተኛ፣ በሳምንቱ አዳራሹ “ላልተወሰነ ጊዜ እድሳት ላይ” መሆኑን ነገሩን። እድሳቱ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ የገባኝ በዚያው አዳራሽ የሚካሄደው የውሻ ሥልጠና አንድ ቀን እንኳ ሳይቋረጥ ሲቀጥል ነው።

አራተኛ፣ ኮሚቴዎ ያሳተመው በራሪ ወረቀት ሽፋን ላይ የሜሌን ጨርቅ አየነው። ከሥሩ “የሁላችንም አዳራሽ” ይላል። ፎቶው መልካም ነው፤ ኦርቪል ተቆርጦ ወጥቶ የጫማው ጫፍ ብቻ ቀርቷል።

“እኔን አባረው ጨርቄን አስቀሩት?” አለች ሜሌ። “እናቴ ብትሰማ እኮ በመርከብ ነው የምትመጣላቸው!”

ሳቅን። ቆይቶ ግን ማንም ወረቀቱን ሊነካው አልፈለገም።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ባለፈው እሑድ ግን የወይዘሮ ፓርዶ ልጅ የፖም ማሸጊያ መጋዘኑን ስለለቀቀልን ትቼዋለሁ። መጋዘኑ ይበርዳል፤ ሣጥን ላይ ነው የተቀመጥነው። ኦርቪል ግጥሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። ሲጨርስ ወረቀቱን እያጠፈ ቀና አለ።

“እኔ እኮ እዚያ አልጋ ላይ አድሬአለሁ” አሉ ወይዘሮ ፓርዶ። “ፍራሹ ድንጋይ ነበር! ለካ ከእኔ በቀር ሰው ተኝቶበት አያውቅም!”

ኦርቪል ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው መጣ። “ባሌ ነበር” አለ፤ ጮክ ብሎ፣ ለሁላችንም።

“እናውቃለን የኔ ልጅ። ና፣ እዚህ ተቀመጥ” አሉት።

የሕዝብን አዳራሽ ከሕዝብ ለመጠበቅ የሚያሳዩትን ትጋት እያደነቅሁ፣ ለሥልጣንዎ የሚገባውን ያህል አክብሮት፣ ማለትም እጅግ ጥቂቱን፣ በትሕትና አቀርባለሁ።

ፊሊፓ ዌይንራይት
አኮርዲዮን ተጫዋች፣ ከፖም መጋዘኑ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሜሌ ኦርቪልን ስለ እርስዎም እንዲገጥም ጠይቃው ነበር። ሁለት ስንኝ ጽፎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “አለቀ” አለ፤ “ሰውየው ውስጥ ከዚህ በላይ የለም።”