ሦስተኛው ምንጣፍ

ይድረስ ለእኔዋ እትዬ፣ ለረጅሟ ሰንበሌጥ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ያ ትከሻዬን ይዞኛል ያልሽው ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይስ አብሮሽ ሊኖር ወሰነ? እንቅልፍሽስ? የእግርሽን ነገር በኋላ ስለምመለስበት ለጊዜው ሳልጠይቅሽ አልፌዋለሁ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ አያታችን ደህና ናቸው፣ ገንዳውም ደህና ነው። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። አዎ፣ ከልብስ ማስጫው ላይ አንድ ካልሲ ጎድሏል፤ እሱን ግን ነፋስ ነው የወሰደው፣ እኔ የለሁበትም።

ቁንጫ ደብዳቤ ጻፈ ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ የሞተ የለም። የቋንቋ መምህራችን ሩቅ ላለ ዘመድ ደብዳቤ ጻፉ ብላ አዛን ነው። ግማሾቹ ልጆች ሩቅ ዘመድ አጥተው ለጎረቤት ሲጽፉ እኔ ደረቴን ነፍቼ ለአንቺ ጀመርኩ። በስልክ እንዳላወራሽ፣ ስትደውዪ እማዬ ስልኩን እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ አትለቅም። ለእኔ የሚደርሰኝ ‹‹ደህና ዋይ›› ማለት ብቻ ነው። የፊደል ስህተት ካገኘሽ ደግሞ አንቺ እንዳሳሳትሽው ቁጠሪው፤ ሀሁን ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ።

ትምህርት እንዴት ነው ብለሽ ነበር። እንግዲህ እዚያ በምትሠሪበት ሆቴል መተኮሻ ክፍል ውስጥ ወንበር የሚባል ነገር ካለ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

አንቺ ሄደሽ ገንዘብ መላክ እስክትጀምሪ፣ እኔ ትምህርቴን ትቼ ከእማዬ ጋር ገንዳ ውስጥ የሰው ብርድ ልብስ እየረገጥኩ ሳጥብ በከረምኩበት ጊዜ እኩዮቼ ጥለውኝ ሄዱ። የዛሬ ጓደኞቼ ብብቴ ሥር ነው የሚደርሱት። ሰልፍ ስንይዝ እንደ መብራት እንጨት መሃል ላይ ተተክዬ እታያለሁ። የመጀመሪያው ቀን አንዷ ድንቢጥ የምታክል ልጅ ‹‹ጋሼ፣ ሽንት ቤት በየት ነው?›› ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ የርእሰ መምህሯን ቢሮ አሳየኋት።

የስፖርት መምህራችንን ፊሽካው ነው የምንለው። ፊሽካዋ ከአፉ አትወጣም፤ ሲያወራ እንኳ ወደ ጉንጩ ገፋ ያደርጋትና ይቀጥላል። ድሮ ሜዳውን ያዞረን ነበር። ዘንድሮ ሜዳው ለአዲስ ክፍል ተቆፍሮ ጉድጓድ ብቻ ሲሆን፣ አንድ ቀን ጠዋት ካርቶን ተሸክሞ ወደ አዳራሹ ገባ። የዳንስ ጌም ነው። ከአሁን በኋላ ስፖርታችሁ ይሄ ነው አለን። እኔ ያላገጠብን መስሎኝ ነበር፤ የማላገጥ ሥራ የእኔ ነውና ትንሽ ቅር አለኝ።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ፤ ከሥሩ ሦስት ምንጣፍ ተነጠፈ። እያንዳንዱ ምንጣፍ ላይ አራት ቀስት አለ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ዘፈኑ ሲጀምር ከስክሪኑ ታች ቀስቶች እንደ ሳሙና አረፋ ሽቅብ ይንሳፈፋሉ። አናት ሲደርሱ ያንኑ ቀስት በእግርሽ ትረግጫለሽ። በሰዓቱ ከረገጥሽ ቦግ ይላል፤ ከዘገየሽ ዝም ብሎ ያልፍሻል። ለየምንጣፉ ደግሞ ስክሪኑ ላይ አንድ አንድ ሰማያዊ ጥላ አለ። አንቺ ስትጨፍሪ ጥላሽ ይጨፍራል። ሰው ያልቆመበት ምንጣፍ ጥላ ግን አይጨፍርም፤ እንደ ሸምበቆ ወዲያ ወዲህ እያለ ይጠብቃል።

ምንጣፍ ያልደረሰን ወለሉ ላይ በጠመኔ ቀስት ሥለን ከኋላ እንረግጣለን። እትዬ፣ ያንን ብታዪ! ጠመኔው እየቦነነ አዳራሹ ጭጋግ ይለብሳል። ከላይኛው መስኮት የሚገባው ፀሐይ በዚያ ጭጋግ ውስጥ አንሶላ እንደተሰጣ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ አንቺ የምትተኩሻቸው የሆቴል አንሶላዎች በዚያ በኩል አልፈው የመጡ ይመስለኛል። የልጆቹ እግር ሲነሳና ሲወድቅ ድምፁ ከሩቅ ይመጣል። ሁላችንም ከውኃ በታች የምንኖር፣ ማንም ና ውጣ የማይለን ሰዎች እንሆናለን። ደወል ሲደወል የሚነቃ ሰው ነው የምመስለው። ወደ ቤት ስሄድ እንኳ በየመንገዱ ድንጋይ ላይ ቀስት ይታየኛል፤ አንዱን ረግጬ የሰው ውሻ አስነስቻለሁ።

እግሬ አንደኛ ነው። ብርድ ልብስ ሲረግጥ ያደገ እግር መቼ ይሳሳታል? ፊሽካውን ያላማረው እጄ ነው። ‹‹አንተ ቁንጫ፣ ሁለት እጅህን ወደ ፊት ዘርግተህ የምትጨፍረው ማንን ልትይዝ ነው?›› አለኝ። ለካ ሳላውቀው ገንዳ ውስጥ እንደምናደርገው እንዳልንሸራተት ትከሻሽን ይዤ ኖሯል። ‹‹እህቴን›› አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ፊሽካው ሁለት ሁለት እያደረገ ስለሚያጋጥመን ሦስተኛው ምንጣፍ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው፤ መጠባበቂያ ነው ይለዋል። ማሽኑ ስም ጻፉ ሲል እኔ ቀድሜ ሄጄ በሦስተኛው ላይ ‹‹ሰንበሌጥ›› ብዬ ጻፍኩ። ማናት ቢለኝ ብዙ ቀን የቀረች ተማሪ ናት አልኩት። ምስኪን፣ በነጋታው ስም ሲጠራ ፈልጎሻል።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን ታውቂያታለሽ፤ መርፌዋ ሲቆም ምላሷ ይቀጥላል። አንድ ቀን ‹‹ዛሬ ምን ተማርክ?›› አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ‹‹ትምህርት ቀርቷል፣ አሁን ጭፈራ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ማሽን እግር ያያል፤ እግሩን ያልታጠበ ይባረራል። ወላጅም ይፈተናል›› አልኳትና እያፏጨሁ ሄድኩ። ወሬው ከእሷ ሱቅ ወጥቶ መንገድ እስኪሻገር ጭራ አበቀለ። እማዬ ጋ ሲደርስ ‹‹ልጅሽ ትምህርቱን ጥሎ ጨፋሪ ሆኖልሻል›› ሆኖ ነበር።

እማዬ አልጮኸችም። ስትቆጣ ብርድ ልብስ የምትጨምቅ ይመስል እጇን እንደምትጠመዝዝ ታውቂያለሽ። ‹‹እህትህ እግሯ እያበጠ የሰው አገር የቆመችው አንተ እንድትዘል ነው?›› አለችኝ። ‹‹ለመርገጥማ ገንዳው እዚሁ አለልህ። ነገ መጥቼ አስወጣሃለሁ።›› ቀልዴን ነው ብዬ ማልኩላት፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ የምሬን ስናገርም ፊቴ ለምዶበት ይስቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው።

እትዬ፣ አንቺ የሄድሽው እኔ ከገንዳው ወጥቼ እንድማር መሆኑን አልረሳሁትም። ደግሞ ትምህርት እወዳለሁ። ይህን ለማንም እንዳትነግሪ፤ ስሜ ይጠፋል።

በነጋታው ረፋድ ላይ ዘፈኑ መሃል ላይ እያለ የአዳራሹ በር ተከፈተ። እማዬ ናት። የቀሚሷ ጠርዝ እንደረጠበ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተች፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በባዶ እግሯ ቆማለች። ለካ ልብስ ሰፊዋ እግር ይታያል ብላታለች! በዚህ ከተማ ከእማዬ እግር የበለጠ የታጠበ እግር ከየት ይመጣል? በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

‹‹ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት›› አለች። ፊሽካው ፊሽካዋን ወደ ጉንጩ ገፋ አድርጎ ‹‹እናቴ፣ የእርስዎ ልጅ ነው፤ ይውሰዱት። ግን ከምን እንደሚወስዱት መጀመሪያ ይዩልኝ›› አላት። ወንበር ሰጣት፤ እምቢ አለች። ቆማ ልጆቹን አየች፣ ስክሪኑን አየች። ‹‹ይሄ ምኑ ነው ትምህርት?›› አለች። ፊሽካው አልተቆጣም። ‹‹ሜዳ ሳስሮጣቸው ግማሾቹ ሆዴን፣ ራሴን እያሉ ጥግ ይይዙ ነበር። አሁን ከአዳራሹ አልወጣም የሚሉኝ እነዚያው ናቸው። ላብ ላብ ነው፣ እናቴ። ይሞክሩት።››

እማዬ እጇን መጠምዘዝ ጀመረች። እኔ ምንጣፌ ላይ ቆሜ ‹‹እማዬ፣ ገንዳ ነው ብለሽ ግቢ›› አልኳት፤ ቀስ ብዬ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ባዶው ምንጣፍ አጠገቧ ተነጥፎላት እያለ እኔ የቆምኩበት ላይ ወጣች። ፊቷን ወደ እኔ፣ ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታ ሁለት እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ልጆቹ አጉረመረሙ። ‹‹እማዬ፣ ቀስቶቹ እኮ ከኋላሽ ናቸው›› አልኳት። ‹‹ታዲያ ማንን አይቼ ልርገጥ፣ ግድግዳ?›› አለችኝ።

እኔም ትከሻዋን ያዝኩ። ዘፈኑ ተጀመረ። ቀስቶቹን የማያቸው እኔ፤ እሷ የምታየው እኔን። ወደ ግራዬ ሳዘነብል እሷ ወደ ቀኟ ትመጣለች፤ ያው አንድ ቀስት ነው። መጀመሪያ ላይ ማሽኑ አራት እግር ያለው ሰው ገጥሞት ስለማያውቅ ጥላችን ግራ ገብቶት ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ እግራችን አንዱ ሌላውን አገኘው። ገንዳው መጣ። ውኃው መጣ። የብርድ ልብሱ ክብደት፣ ከጣቶቻችን መሃል የሚያመልጠው አረፋ፣ አንቺ ከጎን ሆነሽ ‹‹ቁንጫ፣ አትርጨኝ›› የምትይው ሁሉ መጣ። ከእማዬ ጀርባ ቀስቶቹ ቦግ ቦግ እያሉ ይበራሉ፤ እሷ አንዱንም አላየችም።

እማዬ ስትስቅ ድምፅ እንደሌላት ታውቂያለሽ፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚነቀነቀው። እጄ እዚያው ስለነበረ ሳቋን ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ዘወር ስል ከኋላ ያሉት ድንቢጦች ሁሉ በጠመኔው ጭጋግ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ፊት ለፊት፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘዋል። ፊሽካው አፉ ውስጥ ያለችውን ረስቷት፣ በተነፈሰ ቁጥር እንደ ጫጩት ሲጥ ትላለች። ማሽኑ መጨረሻ ላይ የሰጠን ውጤት ግን አያስወራም።

እማዬ ስለ እኔ ለፊሽካው አንድም ቃል ሳትናገር ጫማዋን አንስታ ወጣች። ልከተል ልቅር ሳላውቅ ተከተልኳት። ጫማዋን በእጇ እንደያዘች መሆኗን ያወቀችው ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ስንደርስ ነው። ልብስ ሰፊዋ ‹‹ምነው?›› ስትላት፣ ‹‹ወላጅም ይፈተናል አላልሽኝም? ተፈትኜ መጣሁ›› አለቻት። ‹‹አለፍሽ?›› ‹‹ወደቅሁ። እሱ ግን ነገ ይመለሳል።›› እኔ ይህን ስሰማ የልብስ ሰፊዋን የክር ሳጥን ደፋሁት፤ ዘንድሮ ሳላስበው ያጠፋሁት ብቸኛው ጥፋት እሱ ነው። ለቅሞ መጨረሱ እስከ ምሳ ወሰደኝ።

እንግዲህ ውሉ ይሄ ነው፤ ትምህርት ባለበት ቀን ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ገንዳ፤ ፊደሌ እንደ እግሬ ካልሆነ ደግሞ ወዮልኝ። ፊሽካውም ከዚያ ወዲህ አንዱ ስክሪኑን፣ ሌላው ጓደኛውን እያየ ፊት ለፊት ያስጨፍረናል። የገንዳ ስልት ብሎ ሰይሞታል፤ ከእማዬ መውሰዱን ግን ለማንም አይደብቅም።

አንድ ነገር ዘለልኩብሽ፤ ሆን ብዬ ነው፣ ለመጨረሻ አስቀምጬው። እማዬ ከአዳራሹ ልትወጣ ስትል ዘወር ብላ ስክሪኑን አየችው። ያኔ ነው ገና በደንብ ያየችው። ዘፈኑ አልቆ የሌሎቹ ጥላዎች ጠፍተዋል፤ ሦስተኛዋ ብቻ ወዲያ ወዲህ እያለች ቆማለች። ‹‹ያቺ ማናት፣ ብቻዋን?›› አለችኝ። ‹‹ሰንበሌጥ ናት›› አልኳት። ‹‹ለምን አትጨፍርም ታዲያ?›› ‹‹ምንጣፏ ላይ ሰው ካልቆመ አትጨፍርም።›› እማዬ ትንሽ አሰበች። ተመልሳ መጣች፣ የቀሚሷን ጠርዝ ሰብሰብ አድርጋ ባዶውን ምንጣፍ በቀኝ እግሯ አንድ ጊዜ ረገጠችው፤ ቀስ ብላ፣ የተኛ ሰው እንደምትቀሰቅስ። ጥላሽ እግሯን አነሳች።

በመጨረሻ ስትደውዪ እግሬ መቆም እንጂ ሌላውን ሁሉ ረስቷል ብለሽ ነበር። እኔ ግን አላመንኩሽም። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ መተኮሻው ፊት እንደቆምሽ ቀኝ እግርሽ በገዛ ራሱ ከወለሉ ብድግ ካለ፣ አትደንግጪ፤ እማዬ ናት የረገጠችልሽ።

አያታችን በጣም ሰላም ይሉሻል፤ ‹‹ያ ማሽን ቁጭ ብሎ ለሚጨፍር ሰው ምንጣፍ የለውም ወይ?›› እያሉ የእግር እሳት ሆነውብኛል። እማዬ ሁለቱን ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ካልሲ ድርብ አድርገሽ ልበሺ ብላለች። ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላሻለች፤ የነገርኳትን ሁሉ ማመን አቁማለች፣ ስለዚህ አሁን እውነቱን መናገር ጀምሬባታለሁ። እዚያ አብረውሽ የሚተኩሱትን ጓደኞችሽን በየስማቸው ሰላም በይልኝ፤ ስማቸውን ስለማላውቅ አንቺ ሙዪበት። ለአንቺ ለራስሽ ደግሞ ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ፣ ረጅም መንገድ ቢሆንም፣ ሰላም እልሻለሁ።

ቦታሽን የያዘልሽ ወንድምሽ፣
ቁንጫው

ከቤታችን፣ ከገንዳው አጠገብ፤
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ብርድ ልብሶቹ ገና ሳይደርቁ።