በቀይ ቀለም የተመለሰው መልእክት

ልጄ፣ አምላክ ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርህ። ከእኔ ቁጣ ግን ዛሬ ማንም አያስጥልህም።

እኛ ደህና ነን። የአባትህ ጉልበት ተሽሎታል፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን ትቷል። ደሜን ያፈላው ያንተ ነገር ነው።

ልብስ ሰፊዋ አክስትህ በቤተሰቡ የኢሜይል ግሩፕ ላይ የጻፈችውን መልእክት፣ በአንድ ጣቷ ሦስት ቀን ሙሉ ፊደል ስትለቅም ከርማ ነው የላከችው። አንተ ምን አደረግህ? መስመር በመስመር ቆራርጠህ፣ ከእያንዳንዱ ሥር በቀይ ቀለም «ከርዕሱ ውጭ ነው»፣ «አጠር ይበል»፣ «ፊደሉ ለምን እንዲህ ተለቀ?» እያልክ ለሠላሳ አራት ዘመድ በተንከው። ፊደሉ የተለቀው ዓይኗ ስለደከመ ነዋ! እሱን እኮ ሁለተኛው መስመር ላይ ጽፋዋለች፤ ያው «አጠር ይበል» ያልክበት ላይ። ግሩፑን የከፈተው እሱ ነው ብለን ዝም ብንልህ፣ ጭራሽ ራሳችን ላይ ወጣህ!

ትናንት መልስህን በወረቀት አሳትማ መጣች። አልተቆጣችም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። መነጽሯን አድርጋ፣ ወረቀቱን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ፣ አንተ እንዳልከው እያሳጠረች እንደ ተማሪ ስትገለብጥ ዋለች። «እሱ ተምሯል፣ ያውቃል» አለችኝ።

አደራህን፣ ለብቻዋ ተደብቀህ ይቅርታ እንዳትልክላት። ያዋረድካት በሠላሳ አራት ሰው ፊት ነው፤ እዚያው ጻፍላት። በጥቁር ቀለም፣ ተለቅ ባለ ፊደል ይሁን፤ ራሷ እንድታነበው።

ዕድሜ ይስጥህ ልጄ። ዓይንህንም ይጠብቅልህ።

እናትህ